ከሰል ፍለጋ፦ አምስት ቀን በዌልስ ሸለቆዎች

ከለንደን ልነሳ ሻንጣ ስሸክፍ እናቴ ደወለች።

«ደግሞ ወዴት ነው?»

«ዌልስ።»

«ዌልስ ምን አለ?»

«ከሰል።»

ትንሽ ዝም አለች። «እዚያ አገር ጋዝ ጠፋ እንዴ?»

እኛ ቤት ከሰል ማለት ለቡና የሚቀጣጠለው ነው። በጆንያ የሚመጣው፣ እጅ የሚያጠቁረው። ከመሬት የሚቆፈረውን የድንጋይ ከሰል እኔም ብሆን የማውቀው ከጂኦግራፊ ደብተሬ ነበር። ያስነሳኝ ግን ከሰሉ አይደለም፣ እድር ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ለሥራ ባልደረባዬ እድር ምን እንደሆነ ሳስረዳው፣ «አያቴም እንዲህ ያለ ነገር ነበራቸው» አለኝ። አያቱ ደቡብ ዌልስ ውስጥ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። «ትሬዲጋር የምትባል ከተማ አለች፤ ሄደህ እይ» አለኝ። የአምስት ቀን ፈቃድ ነበረኝ። ሄድኩ።

(ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ስቆጥር እነግራችኋለሁ።)

ሰኞ፣ ካርዲፍ

ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ጓደኛዬ ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ካርዲፍ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ታክሲ ይነዳል። ስለ ከሰል ስጠይቀው «እኔ ስመጣ አልቆ ነበር» ብሎ ሳቀ።

ወደቡን አሳየኝ። ዛሬ ካፌና የጀልባ ሽርሽር ነው። በ1913 ግን ከዚህ ወደብ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል ወጥቷል። ጎረቤቱ ባሪ ደግሞ እሱንም በልጦት ነበር። በዚያ ዓመት የደቡብ ዌልስ ጉድጓዶች ሁሉ በድምሩ ወደ 57 ሚሊዮን ቶን አወጡ። ከሰሉ ለመርከብ ተስማሚ ነው፤ ጭሱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በሱ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

የከሰል ገበያ የነበረው ትልቅ ሕንፃ አሁንም ቆሟል። በዓለም የመጀመሪያው የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ቼክ እዚህ ተፈረመ ይባላል። እኔም «ይባላል» ብዬ አልፋለሁ።

ምሳ የበላነው ቡትታውን ውስጥ ሶማሌ ቤት ነው። ሩዝ በፍየል፣ ከጎኑ ሙዝ። ሶማሌዎች እዚህ ሰፈር ከመቶ ዓመት በላይ ኖረዋል። ያመጣቸው ራሱ ከሰሉ ነው። ቆፋሪው ከሸለቆው ያወጣውን፣ መርከቡ ሆድ ውስጥ ሆነው በአካፋ ወደ እሳቱ የሚወረውሩት ሶማሌዎችና የመኖች ነበሩ። ወደቡ ላይ ስለ ነጋዴው ቼክ የሚያወራ አይጠፋም። ስለ አካፋው የሰማሁት እዚህ ሩዝ ቤት ነው።

ማክሰኞ፣ ብላይናቨን

ከኒውፖርት በአውቶቡስ ሽቅብ ወጣሁ። ዝናብ። ኮረብታው አረንጓዴ ነው፣ ግን አንዳንዱ ኮረብታ ቅርጹ ደስ አይልም፤ ሰው የከመረው ይመስላል። ከመረውም። ከሰል ሲወጣ አብሮ የሚወጣውን ድንጋይና አፈር የሚደፉበት ነው። በዚህ አገር የቱ ኮረብታ የእግዜር፣ የቱ የሰው እንደሆነ ለመለየት ቀናት ፈጀብኝ።

ጉድጓዱ ስሙ ቢግ ፒት ነው፣ ትልቁ ጉድጓድ። በ1980 ተዘጋ፣ በ1983 ሙዚየም ሆነ። መግቢያ አያስከፍልም። ከመውረድህ በፊት ግን ይፈትሹሃል። ስልክ፣ ሰዓት፣ የመኪና ቁልፍ፣ ባትሪ ያለበት ነገር በሙሉ እዚያው ይቀራል። መሬት ውስጥ ሚቴን ጋዝ አለ፤ ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች። እኔ ስልኬን ሰጥቼ ሳበቃ ኪሴን አሥር ጊዜ ዳበስኩ። በምትኩ የራስ ቆብ፣ የግንባር መብራት፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ባትሪና ጋዝ ቢመጣ የሚተነፍሱበት ቆርቆሮ ሰጡኝ። ወገቤ ጎበጠ።

አስጎብኚያችን ራሳቸው ቆፋሪ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸው ላይ ሰማያዊ ጠባሳ አለ፤ ቁስል ውስጥ የገባ የከሰል አቧራ ሲሽር እንዲህ ሆኖ ይቀራል። «ና ግባ፣ ባት» አሉኝ። ለእኔ ባት የእግር ነው። ኋላ ሲያስረዱኝ ባት ማለት ጉድጓድ ውስጥ አጠገብህ የሚቆፍር ባልንጀራህ ነው። ጣሪያው ቢናድ መጀመሪያ የሚደርስልህ እሱ ነው። ጉድጓዶቹ ተዘጉ፣ ቃሉ ግን አልተዘጋም። በአምስቱ ቀን የአውቶቡስ ሾፌሩም፣ ሻይ ቤት ያለው ሰውም ባት ብሎኛል። ለምጄው ልሞት ነው።

የብረት ሳጥን በመሰለ አሳንሰር 90 ሜትር ወረድን። ውኃ አንገቴ ላይ ጠብ ይላል። ታች ስንደርስ ጣሪያው ዝቅ አለ፤ ቆቤን ሦስት ጊዜ ጋጨሁት።

አንድ የእንጨት በር አጠገብ አቆሙንና መብራታችንን አስጠፉን። ጨለማ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። መብራት ሲጠፋ ያደገ ሰው ነኝ። ይሄ ግን ሌላ ነው። እጄን አፍንጫዬ ሥር አመጣሁት፣ የለም። ዓይኔን ጨፈንኩት፣ ገለጥኩት፣ ያው ነው። የሚሰማው የውኃው ጠብታና የሰዉ ትንፋሽ ብቻ ነው። ሽማግሌው በጨለማው ውስጥ ስለ በሩ ነገሩን። አየሩ በትክክለኛው መንገድ እንዲዘዋወር በሩ ተዘግቶ መቆየት አለበት። ጋሪ ሲመጣ ደግሞ የሚከፍተው ሰው ያስፈልጋል። ያን ሥራ የሚሠሩት የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ነበሩ። ገመዱን ይዘው እዚያው ጨለማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ። ሻማ የሚገዛው በራስ ገንዘብ ነው፤ ሻማው ካለቀ አለቀ። ሴቶችና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆች ከመሬት በታች እንዳይሠሩ የከለከለው ሕግ የወጣው በ1842 ነው። ልብ በሉ፣ 10 ዓመት የሞላው ይችላል።

መብራቱን ስናበራ አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ስባ ነበር።

ከዚያ የፈረሶቹ ጋጣ አለ። ፈረሶች እዚሁ ታች ነበር የሚውሉትና የሚያድሩት። ከእያንዳንዱ በረት በላይ የፈረሱ ስም ተጽፏል። የፈረሱ ስም ግድግዳ ላይ፣ የሰዉ ግን ቁጥር ብቻ። ቁጥሩ ያለው ትንሽ ክብ ናስ ላይ ነው። ቆፋሪው ሲወርድ ናሱን ሰጥቶ መብራቱን ይቀበላል፤ ሲመለስ መብራቱን መልሶ ናሱን ይወስዳል። አደጋ ሲደርስ መብራት ክፍል ሄደው ባለቤት ያልመጣለትን ናስ ይቆጥራሉ። ታች ማን እንደቀረ የሚታወቀው እንዲያ ነው። አንዷን እጄ ላይ አደረጉልኝ። ከአንድ ብር ሳንቲም እምብዛም አትበልጥም።

ላይ ከወጣን በኋላ የገላ መታጠቢያውን አየሁ። በ1939 ነው የተከፈተው። ከዚያ በፊት ቆፋሪው እንዳለ ጠቁሮ ቤቱ ይሄዳል፤ ሚስት እሳት ዳር ባሊ ዘርግታ ውኃ ታሞቃለች። ባልና ሦስት ወንዶች ልጆች ካሏት፣ ፈረቃቸውም የተለያየ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ መቅዳትና ማሞቅ ነው። ጀርባቸውን ደግሞ ብዙዎቹ አይታጠቡም ነበር፣ ጀርባ ሲታጠብ ጉልበት ይጠፋል ብለው። ሙዚየሙ ውስጥ ስለ ወንዶቹ ብዙ አለ። ስለ ባሊው ትንሽ ነው ያለው።

ረቡዕ፣ ሮንዳ

ጓደኛዬ ዛሬ ታክሲውን አሳርፎ እኔን ይዞ ወጣ። መንገዳችንን ትንሽ አጣመምንና ሴንግሄኒዝ ቆምን። ጥቅምት 14 ቀን 1913 እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈነዳ። 439 ቆፋሪዎችና አንድ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሞቱ። በብሪታንያ ታሪክ ከዚህ የከፋ የማዕድን አደጋ የለም። ያው ጉድጓድ በ1901ም ፈንድቶ ከ80 በላይ ሰው ገድሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ስንት ተቀጣ? 24 ፓውንድ። ለሟቾቹ ቢካፈል ለአንድ ነፍስ አንድ ሺሊንግ ከምናምን። ጓደኛዬ በስልኩ ካልኩሌተር ሁለት ጊዜ ደጋገመው።

ሮንዳ ሁለት ጠባብ ሸለቆዎች ናቸው። ቤቶቹ እጅ ለእጅ የተያያዙ ይመስል በረድፍ ተደርድረዋል፤ ሌላ ቦታ የለማ፣ ከኋላ ተራራ፣ ከፊት ወንዝ። በ1851 እዚህ የሚኖረው ሰው 2 ሺህ አይሞላም ነበር፣ እረኛና ገበሬ። በ1911 ከ150 ሺህ በለጠ። ዛሬ ከሰል የሚያወጣ አንድ ጉድጓድ የለም። የመጨረሻው፣ ማርዲ፣ በታኅሣሥ 1990 ተዘጋ።

ቶኒፓንዲ ላይ ቡና ጠጣን። (ቡና ካላችሁት።) በ1910 እዚህ ትልቅ የሥራ ማቆም አድማ ነበር። ጠቡ የመጣው በዋጋ ነው። ቆፋሪው የሚከፈለው ባወጣው ቶን ነው፤ ድንጋይ የበዛበት ቦታ ከደረሰው ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲፈነቅል ይውልና ደሞዝ የለም። ኅዳር ላይ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፣ አንድ ሰው ሞተ፣ ሱቆች ተሰባበሩ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ወታደር ላከ። ዓለም ሁሉ ቸርችልን በጦርነቱ ያውቀዋል። እዚህ ግን ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ ሰዎች አሁንም አሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ እኔ ነኝ ስሙን ያነሳሁት። ሁለተኛ አላነሳሁም።

ማታ ማታ ምን ይሠሩ ነበር ካላችሁ፣ ያነቡ ነበር። ከደሞዛቸው ሳንቲም እያዋጡ በየከተማው የሠራተኞች ቤት ሠሩ፤ ቤተ መጻሕፍት፣ አዳራሽ፣ የቢሊያርድ ጠረጴዛ። መንግሥት አይደለም የሠራላቸው። ጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሮብሰን ወዳጃቸው ነበር። የገዛ አገሩ ፓስፖርቱን ነጥቆት ከአሜሪካ መውጣት ሲያቅተው፣ በ1957 በባሕር ሥር በተዘረጋው የስልክ መስመር ከኒውዮርክ ዘፈነላቸው። እነሱም ፖርትኮል ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሆነው መልሰው ዘፈኑለት።

ከሰዓት በኋላ የሪጎስን ተራራ ተሻገርን። ከአናቱ ላይ ሆናችሁ ስታዩ ሰዎች በሽቦ ተንጠልጥለው እየጮኹ ይበራሉ። የመዝናኛ ቦታ ነው። ሥሩ የታወር ከሰል ጉድጓድ ነበር። መንግሥት በ1994 አያዋጣም ብሎ ዘጋው። 239 ቆፋሪዎች ከተሰጣቸው የስንብት ገንዘብ እያንዳንዳቸው 8 ሺህ ፓውንድ አዋጡና ጉድጓዱን ገዙት። መሪያቸው ታይሮን ኦሳሊቫን የሚባል የማኅበር ሰው ነበር። በጥር 1995 ተመልሰው ገቡ። «አያዋጣም» የተባለው ጉድጓድ ከሰሉ እስኪያልቅ ድረስ፣ እስከ 2008፣ 13 ዓመት ሠራ።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው መኪናውን ዳር ያዘ። «ስምንት ሺህ? የስንብት ገንዘባቸውን?» አለ። «አዎ።» «ሚስቶቻቸው ምን አሉ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሐሙስ፣ አበርቫን

ዌልሶች ኤፍን «ቭ» ብለው ነው የሚያነቡት። ለዚህ ነው አበርቫን የሚባለው። ብቻዬን ነው የሄድኩት። ሜርተር ቬል ከባቡር ወርጄ ታፍ ወንዝን በእግሬ ተሻገርኩ።

ጥቅምት 21 ቀን 1966 ዓርብ ነበር። በእኛ ጥቅምት 11 ቀን 1959። ትምህርት ቤቱ በዚያው ቀን ለአጭር ዕረፍት ሊዘጋ ነው። ልጆቹ ክፍል ከገቡ ደቂቃዎች ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከከተማው በላይ የከሰል ጉድጓዱ ቆሻሻ የሚደፋባቸው ክምሮች ነበሩ። ሰባተኛው ክምር የተከመረው ምንጭ ላይ ነው። ውኃው ከሥር አረጠበው፣ ዝናቡ ጨመረበት፣ ተናደ። ፓንትግላስ ትምህርት ቤትንና አጠገቡ ያሉትን ቤቶች ቀበረ። 144 ሰው ሞተ። 116ቱ ልጆች ናቸው፣ አብዛኞቹ ከ7 እስከ 10 ዓመት።

ቆፋሪዎቹ ከጉድጓድ ወጥተው እየሮጡ መጡ። የገዛ ልጆቻቸውን ለማውጣት ነው የሚቆፍሩት። አልፎ አልፎ ፊሽካ ይነፋና ሁሉም ዝም ይላል፤ ከሥር ድምፅ ይሰማ እንደሆነ። ከጧቱ አምስት ሰዓት በኋላ በሕይወት የወጣ የለም።

ትምህርት ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁን የአትክልት ሥፍራ ነው። ዝቅ ያለ ግንብ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጽጌረዳ። አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ተቀምጣለች። መቃብሩ ከከተማው በላይ ነው፤ ነጫጭ ቅስቶች በረድፍ፣ ከሩቅ ይታያሉ። ስሞቹን ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቆምኩ። ፎቶ አላነሣሁም።

እዚያ ቆሜ ቆሼ ትዝ አለኝ። መጋቢት 2 ቀን 2009 በእኛ። አዲስ አበባ፣ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ሥሩ ያሉትን ቤቶች ሲቀብር ከ110 በላይ ሰው ሞተ። እኔ ያኔ ለንደን ነበርኩ። የሰው እጅ የከመረው ተራራ ነው፣ ሥሩ የሚኖረው ደግሞ ሌላ የሚሄድበት የሌለው ሰው።

አበርቫን ላይ አጣሪ ጉባኤ ተቋቁሞ ጥፋቱ የብሔራዊው የከሰል ቦርድ ነው ብሎ ወሰነ። ከሥራ የተባረረም፣ የታሰረም የለም። አንድ አባት የልጁ የሞት ምክንያት ሲነበብለት አልቀበልም አለ፤ «በሕይወቱ ሳለ የከሰል ቦርዱ ቀበረው» ተብሎ ይጻፍ አለ።

ከዚህ የባሰው የገንዘቡ ነገር ነው። ከዓለም ዙሪያ ሰው ለቤተሰቦቹ አዋጣ፣ ወደ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ። የልቅሶ ገንዘብ ነው፤ እኛ ብንሆን እድር እንለዋለን። ከዚያስ? የቀሩት ክምሮች ከከተማው በላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ወላጆቹ አንሡልን አሉ። የከሰል ቦርዱ ወጪውን ሙሉ አልችልም አለ። በመጨረሻ ከልቅሶው መዋጮ 150 ሺህ ፓውንድ ተወስዶ ክምሩ ተነሣበት። ልጃቸውን የቀበረውን አፈር ማስነሻ ከልጃቸው ለቅሶ ገንዘብ ከፈሉ ማለት ነው። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ያለ ወለድ። የዌልስ መንግሥት በ2007 ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ጨምሮ ሰጠ።

የእድር ገንዘብ ያዥ ይህን ቢያደርግ ሰፈር ውስጥ ማንም ሰላም አይለውም።

ማታ ሜርተር ቲድቪል አደርኩ። ከኬር ሃርዲ ከተማ ልለፍ አልቻልኩም። የብሪታንያ ሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ መሥራች ነው፣ ስኮትላንዳዊ፤ በ10 ዓመቱ ጉድጓድ ውስጥ በር ከፋች ነበር፣ ያ ማክሰኞ ያየሁት ዓይነት በር። ከ1900 ጀምሮ እስኪሞት፣ እስከ 1915፣ ሜርተርን ወክሎ ፓርላማ ተቀምጧል። ቀድሞም፣ በ1894 ኪልቪኒዝ አጠገብ 290 ቆፋሪዎች በፍንዳታ በሞቱበት ቀን የንጉሣውያኑ ቤት ልጅ ተወለደ። ፓርላማው ለልጁ የደስታ መግለጫ ሲያወጣ፣ እሱ ለሟቾቹም የኀዘን ቃል ይጨመር ብሎ ጮኸ። እምቢ አሉት። ይህን ሰው አጥብቃ የወደደችው ሴት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። አዎ፣ የኛዋ። ጣሊያን ሲወረን ለኢትዮጵያ ጋዜጣ ያቋቋመችው፣ በ1960 አዲስ አበባ ያረፈችው፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው። ልጅ ሆኜ በመቃብሯ አጠገብ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ። መንገዱ በሜርተር እንደሚያልፍ ማን ነገረኝ?

ዓርብ፣ ትሬዲጋር

እንግዲህ የመጣሁበት ነገር።

ትሬዲጋር ትንሽ ናት። መሐሏ ላይ ረጅም የብረት የሰዓት ማማ ቆሟል፣ በዙሪያው ሱቆች፣ ግማሾቹ ዝግ። ከአንዱ ጥግ የሕክምና መረዳጃ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የነበረው ሕንፃ አለ። ማኅበሩ የተቋቋመው በ1890 ነው። የከሰልና የብረት ሠራተኞች ከደሞዛቸው ከእያንዳንዱ ፓውንድ ሦስት ፔኒ ያዋጣሉ። ያኔ አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነው፤ አስቡት። በዚያች ገንዘብ ሐኪም ቀጠሩ። ከዚያ የጥርስ ሐኪም፣ መነጽር፣ አዋላጅ፣ ሆስፒታል። ለአባሉ ብቻ ሳይሆን ለሚስቱም ለልጆቹም። ጡረታ የወጣም፣ ሥራ ያጣም አይቀርበትም። ከጊዜ በኋላ ከከተማው ሰው አብዛኛው ታቅፎ ነበር።

ልዩነቱ እኛ እድርን ይበልጥ የምናውቀው ለቀብር መሆኑ ነው። እነሱ ሰው ሳይሞት ነው የጀመሩት። (ይህን ለእናቴ እንዳትነግሩ።)

አናይሪን ቤቫን እዚህ በ1897 ተወለደ። በ13 ዓመቱ ጉድጓድ ገባ። አባቱ በከሰል አቧራ ሳንባቸው ተበልቶ እቅፉ ውስጥ ሞቱ። በማኅበሩ ሆስፒታል ኮሚቴ ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ የጤና ሚኒስትር ሆነና ሐምሌ 5 ቀን 1948 የአገሩን ሁሉ ነፃ ሕክምና ከፈተ። የምናደርገው ነገር ትሬዲጋር ውስጥ የነበረንን ለሁሉም ማዳረስ ነው ብሏል ይባላል።

ለንደን በገባሁ በስድስት ወሬ ትርፍ አንጀቴ ሊፈነዳ ደርሶ በሌሊት ቀደዱኝ። ስወጣ ከኪሴ 200 ፓውንድ አውጥቼ ነርሷን «ካሸር የት ነው?» አልኳት። አልገባትም። ደግሜ ጠየቅኳት። «ወደ ቤትህ ሂድ፣ ውዴ» አለችኝ። ለሳምንታት የክፍያ ደብዳቤ ስጠብቅ ነበር። ሕንፃው በር ላይ ቆሜ ያን 200 ፓውንድ አስታወስኩት። አንድ ሰው በአጠገቤ ሲያልፍ «ደህና ነህ፣ ባት?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት።

ወደ ኒውፖርት የሚወስደኝ አውቶቡስ ዘገየ። መጠለያው ሥር ሆኜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሦስቱን ፔኒ፣ ሐኪሙን፣ መነጽሩን። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«መዋጮው በየወሩ ነው?»

«ከደሞዝ ነው የሚቆረጠው።»

«ጥሩ ነው፣ መለመን የለም። ሊቀመንበር ነበራቸው?»

«ኮሚቴ ነበራቸው።»

«ስብሰባ የቀረስ? ቅጣት አለው?»

«እሱን አልጠየቅኩም፣ እማ።»

«ይኼን ያህል መንገድ ሄደህ ዋናውን ሳትጠይቅ!»

አውቶቡሱ መጣ።